የማሳንና የከብትን ፎቶግራፍ በስምና በቀን ለይቶ ስለ ማስቀመጥ

በየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ከሚያርሱትና ከብት ከሚያረቡት ሰዎች ብዙዎቹ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ ይዘው ማሳ ይወርዳሉ። የድንቹ ቅጠል ቢጠቁር፣ የላሟ ጡት ቢያብጥ፣ ጎርፍ እርከኑን ቢንደው ወዲያው አንሥተው ለግብርና ባለሙያ ይልካሉ። ይህ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ፎቶግራፉ የየትኛው ማሳና የየትኛው ቀን እንደ ሆነ ካልታወቀ ምክሩ ሊሳሳት ይችላል። በክረምት ብርድና እርጥበት የድንችን ቅጠል የሚያጠቁረው በሽታ በጥቂት ቀናት ማሳውን በሙሉ ሊያጠፋ ስለሚችል፣ የሳምንቱ ፎቶግራፍ እንደ ዛሬ ተቆጥሮ ቢታይ የመድኃኒቱ ጊዜ ያልፋል።

ሌላም ጉዳይ አለ። ከተማው ወደ እርሻው እየሰፋ ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ በላዩ ላለው ንብረት ካሣ እንዲከፈል ያዛል። ስንት እግር ባሕር ዛፍና ስንት እግር ጌሾ እንደ ነበረ ለማስታወስ ቀኑ የታወቀ ፎቶግራፍ ይረዳል፤ የይዞታ ማረጋገጫን ግን አይተካም።

ስልኩ ራሱ ለፎቶግራፉ ስም ያወጣለታል። በብዙ ስልኮች ስሙ ውስጥ እንደ 20250710 ያለ ቁጥር ይገኛል። ይኸውም ዓመት፣ ወርና ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን፣ በእኛ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለት ነው። ይህን ቁጥር አይሰርዙት። ከኋላው የማሳውን ስምና ጉዳዩን ብቻ ይጨምሩበት፦ «20250710-ላይማሳ-ድንች-ቅጠል»። ለከብትም እንዲሁ፦ «20250710-ዳማ-ጡት»። ስልክ ስሞችን ከመጀመሪያው ምልክት ጀምሮ እያነጻጸረ ስለሚደረድር፣ ዓመቱ ከቀደመ ሁሉ በየጊዜው ተራ ይሰለፋል። ቀኑን አስቀድሞ የሚጽፍ ሰው ግን የመስከረም 3ን ከሐምሌ 3 ጎን ያገኘዋል።

አንዳንዶች በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጻፍ ይወዳሉ። ይህም ነውር የለውም፤ ወሮቹን ከ01 እስከ 13 በሁለት አኃዝ መጻፍ ነው። ሁለቱን መቀላቀል ግን አይገባም፤ በአንድ ቀን የተነሡ ፎቶግራፎች አንዱ 2017፣ ሌላው 2025 ተብለው የስምንት ዓመት ልዩነት ያላቸው ይመስላሉና። በእኛ አስተያየት የስልኩን ቁጥር መተውና የእኛን ቀን በደብተር መጻፍ ይቀላል። የስልኩ ቀን ትክክል መሆኑን አስቀድመው ይመልከቱ።

ፊደልም ያታልላል። «ጎመን» ብለው የጻፉትን በኋላ «ጐመን» ብለው ቢፈልጉት ስልኩ ላያገኘው ይችላል፤ «ሐምሌ»ና «ሀምሌ»ም ለእርሱ ሁለት ቃላት ናቸው። ስለዚህ የማሳዎቹን፣ የሰብሎቹንና የላሞቹን ስም አንድ ጊዜ በደብተር ጽፈው ቤተሰቡ ሁሉ ያንኑ አጻጻፍ ይከተል። በተለይ ስልኩን የሚነካኩት ልጆች ስለሆኑ ደብተሩን ለእነርሱ ማሳየት ይጠቅማል።

ስም ለምን ይህን ያህል እንደሚያስፈልግ የዘር ባንክን ሥራ ማየት ይበቃል። በአዲስ አበባ የሚገኘው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 የዘር ሀብት ማዕከል ሆኖ የተጀመረው የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ ለሰበሰበው ዘር ሁሉ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የተገኘበትንም ቦታ ይመዘግባል። ቁጥሩ የጠፋበት ገብስ ቢዘራ ይበቅላል፤ ከየትኛው ደጋ እንደ መጣ ግን አይናገርም።

በቴሌግራም ሲልኩ «ፎቶ» ብለው ከላኩት መጠኑ ይቀንሳል፤ የሰጡትም ስም ይቀራል። «ፋይል» ብለው ቢልኩት ግን ስሙም ጥራቱም እንዳለ ይደርሳል።

የእርሻውን ፎቶግራፍ ከሠርግና ከክርስትና ፎቶግራፍ ለይተው በራሱ ማኅደር፣ ማለት በፎልደር ያኑሩት። በየሳምንቱ የደበዘዙትንና የተደጋገሙትን ያጥፉ። በየጳጉሜን ደግሞ የዓመቱን ማኅደር ወደ ፍላሽ ገልብጠው ከይዞታ ማስረጃዎ ጋር እርጥበት በማይደርስበት ሣጥን ያስቀምጡት።