ካሮሊን ኪን ማን ነበረች?

ተማሪዎች ሳለን፣ መብራት ከጠፋ በኋላ በብርድ ልብስ ሥር በእጅ ባትሪ ካነበብናቸው መጻሕፍት ሁሉ የማንረሳት ናንሲ ድሩን ነው። እናቷ የሞተችባት የጠበቃ ልጅ ስትሆን ዕድሜዋ ገና 16 ነበር፤ ሆኖም ሰማያዊ አውቶሞቢሏን ራሷ እየነዳች፣ በአሮጌ ሰዓት ውስጥ በተሸሸገ ማስታወሻ አማካይነት የጠፋ ኑዛዜ ታገኛለች። ምዕራፉ የሚያበቃው ልክ አደጋው ሲደርስ ነው። መጽሐፉ ደግሞ የትውስት ነው፤ ጧት ለባለ ተራው መሰጠት አለበት። ታዲያ እንዴት ይተኛል?

በሽፋኑ ላይ «ካሮሊን ኪን» የሚል ስም ስለ ነበረ፣ ለኚህ እመቤት የምስጋና ደብዳቤ ልንጽፍ አስበን ነበር። ለካስ እንዲህ የሚባሉ ደራሲ ኖረው አያውቁም! ተከታታዩን እ.ኤ.አ. በ1930 ያስጀመረው አሜሪካዊው ኤድዋርድ ስትራተማየር፣ የታሪኩን ንድፍ እየሰጠ በሌላ ሰው ያስጽፍ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ 30 መጻሕፍት 23ቱን የጻፉት ሚልድረድ ዊርት ቤንሰን ናቸው። በመጀመሪያ ለአንዱ መጽሐፍ 125 ዶላር ተቀብለው፣ መብታቸውን ለቀው ምሥጢሩን ሊጠብቁ ፈረሙ። ነገሩ በሰፊው የተሰማው በ1980 አሳታሚዎች ተካሰው እርሳቸው በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ሲመሰክሩ ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ!

ከ1959 ጀምሮ የቀድሞዎቹ መጻሕፍት እንደገና ተጽፈው አጠሩ፤ ናንሲም 18 ዓመት ሞላት። አዲሲቱ ጨዋ ናት፤ እኛ ግን ደፋሪቱን እንመርጣለን። በቀደም አንዱን አሮጌ ቅጂ አግኝተን «ጥቂት ገጽ ብቻ» ብለን ጀመርን፤ ሌባው ማን እንደ ሆነ እያወቅን እንኳ ሳናስቀምጠው መሸ።