ስለ ባዜቃና ስለ ነፍሰ ጡር እመቤቶች

ባዜቃ እንደ ብር የሚያበራ፥ እንደ ውሃም የሚፈስ ማዕድን ነው። በጃፓን አገር በሚናማታ በ1948 ዓ.ም. በታወቀው በሽታ፥ ፋብሪካ ወደ ባሕር በደፋው የባዜቃ መርዝ የተበከለውን ዓሣ የበሉ እናቶች ራሳቸው ጤነኞች መስለው ሳሉ ሽባ ልጆችን ወለዱ።

በእኛ ዘንድ የሚያሠጋው ፊት ያቀላል እየተባለ የሚሸጠው ቅባት ነው፤ በአንዳንዱ ባዜቃ አለበትና። (ጠይምነታችን ምን ጎደለው?) በ2006 ዓ.ም. የተፈረመው የሚናማታ ውል ይህን ቅባት ከልክሎታል። ስለዚህ የተቀመመበት ነገር ያልተጻፈበትን ቅባት እመቤቶች እንዳይገዙ እናሳስባለን። የተቀባች ነፍሰ ጡር ግን ዕቃውን ይዛ በጉለሌ ወዳለው ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ትሂድ።

ባዜቃ ያለበት የትኩሳት መለኪያ ቢሰበር ነፍሰ ጡሪቱ ከክፍሉ ትውጣ፤ መስኮት ይከፈት፤ መጥረጊያ ይበታትነዋልና ሌላ ሰው በወፍራም ወረቀት ሰብስቦ በጠርሙስ ይክደነው።