«በራሴ መሬት ላይ ማን ያገባዋል?»

ወረኢሉ አቅራቢያ፣ ሐምሌ አጋማሽ፣ የከባድ ዝናብ ማግስት። የባቄላው ማሳ ከመሐሉ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ውስጥ ብገባ እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ። ከላይ ያሉት ሰውዬ በግንቦት ማሳቸው ራስ ላይ አፈር ከምረው፣ ከበላይ የሚወርድባቸውን ጎርፍ ሁሉ ወደ አንድ ጥግ መልሰውታል። ጎርፉ በዚያ ጥግ ወርዶ የጎረቤታቸውን ባቄላ ከነአፈሩ ይዞት ሄደ። ባለባቄላው «ምነው ጋሼ፣ ምን በደልኩዎት?» ቢላቸው ያገኘው መልስ «በራሴ መሬት ላይ ማን ያገባዋል?» የሚል ነበር።

ይህች አባባል ግማሽ እውነት ስላላት ነው የምትከፋው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬቱን የመንግሥትና የሕዝብ ቢያደርገውም፣ ሰው በጉልበቱ የገነባውንና ያሻሻለውን የራሱ ያደርግለታል። ስለዚህ የከመሩት አፈር የሰውዬው ሀብት ነው፤ መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ቢወሰድ እንኳ ካሳ ይታሰብላቸዋል። የጎረቤት ባቄላ ግን በይዞታ ደብተራቸው ላይ አልተጻፈም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ኪሣራ ይክፈል ይላል፤ ጥፋቱ ከወሰን ወዲህ ሆነ ወዲያ ለውጥ የለውም።

እኔን የሚያናድደኝ ገበሬው አይደለም። «ደብተር አለህ አይደል? ማን ይነካሃል!» እያለ ማመልከቻ የሚያጽፈው የከተማ ራፖር ጸሐፊ ነው። በየካቲቱ የተፋሰስ ዘመቻ የእርከን ኪሎ ሜትር ቆጥሮ ሪፖርት የሚልክ፣ ውሃው መውጫ ይኑረው አይኑረው ግን ዞር ብሎ የማያይ ኃላፊም አለበት።

መውጫው ነው ዋናው ነገር። የአፈር እርከን ከተጠቀጠቀ በኋላ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እንዲኖረው ይመከራል፤ መስመሩም በዓይን ግምት ሳይሆን በኤ-ፍሬም ወይም በውሃ ልክ ይወጣል። ሳይዘነብል ደልዳላ ሆኖ ከተሠራ ውሃውን ባለበት ይዞ ያሰርገዋል። ዋልካ አፈር ላይ ግን ደልዳላ እርከን ማሳውን ረግረግ ያደርገዋልና ትንሽ ዘንበል ብሎ ትርፉን ውሃ ቀስ አድርጎ ማውጣት አለበት። ወዴት? ሳር ወደለበሰ ቦይ ወይም ተፈጥሮ ወዳበጀችው ፈፋ እንጂ ወደ ሰው ማሳ አይደለም። ቦዩ ደግሞ የግድ በአንድ ሰው መሬት ላይ ያልፋል፤ ያንን መሬት በፈቃዱ የሚሰጥ አላየሁም። ለዚህኛው ቀላል መልስ አለኝ አልልም። የተፋሰስ ሥራ ከተራራው ራስ ተጀምሮ ባለማሳዎቹ ሁሉ ባሉበት ወደ ታች ይውረድ የሚባለው ግን ለዚሁ ነው።

«እርከን መሬት ይበላል» የሚለውስ? አዎ፣ ይበላል። በየ10 ሜትሩ እርከን ቢወጣና ከነቦዩ አንድ ሜትር ተኩል ቢይዝ፣ ከመቶው 15 እጅ ሄደ ማለት ነው። በ1970ዎቹ በተከፈቱት የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች፣ የእኛኑ የወሎውን ማይባርን ጨምሮ፣ አፈሩ መጠበቁ ቶሎ ታይቶ ምርቱ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እምብዛም አላደገም። ገበሬው ሲያማርር ሰነፍ ማለት ነውር ነው። እርከኑ ላይ ሳርና ትሪ ሉሰርን ቢተከል ግን የተበላው መሬት በከብት መኖ ይመለሳል።

ስለ እርከን የሚወሩ ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉ። «እርከን የወጣበት መሬት ከገበሬው ተወስዶ ወደ መንግሥት ይዞራል»፦ ውሸት።

«እርከን ካለ የትኛውም ዳገት ይታረሳል»፦ ይህም ውሸት። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት የሆነውን መሬት ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ብቻ ትቶት ነበር። 60 በመቶ ሲባል ቀጥ ያለ ገደል የሚመስለው ብዙ ነው፤ 100 ሜትር ወደ ፊት ሲኬድ 60 ሜትር ሽቅብ ማለት ነው፣ በሬ የሚወጣው ዳገት።

የባቄላው ጉዳይ ሽማግሌ ዘንድ አልቋል። ሁለቱም በወሰናቸው ላይ አንዳንድ እርምጃ ለቀው ፈሰሱ በመሐላቸው እንዲወርድ ተስማሙ። ከታች ያለውን ሦስተኛውን ጎረቤት ግን ማንም አልጠራውም።