የገበሬው የእግር መንገድ ለብስክሌተኛው ሠራተኛ

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የብስክሌት ከተማ ናት። በ1952 ዓ.ም. በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ስትቆረቆር የተመረጠላት ቦታ ሜዳ፣ የተቀደዱላት ጎዳናዎችም ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ስለ ነበሩ ተማሪውም፣ ሠራተኛውም፣ ዓሣ ነጋዴውም በብስክሌት መሄድን እንደ ዕለት ልማድ ይዞታል። በአገራችን በዚህ ረገድ ከእርሷ ጋር የሚጠሩት እንደ ባሕር ዳርና መቀሌ ያሉ ጥቂት ከተሞች ብቻ ናቸው።

ይሁን እንጂ ጎዳናው እንደ ጥንቱ አይደለም። ከተማዋን አቋርጦ በቱላ በኩል ወደ ዲላና ወደ ሞያሌ የሚወርደው አስፋልት ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የተተለመው የአፍሪካ አውራ ጎዳና አካል ነው። ከባድ መኪናው፣ ሕዝብ ማመላለሻው፣ ባጃጁና ጋሪው በአንድነት ይተራመሱበታል። ብስክሌተኛው የሚቀረው የአስፋልቱ ጠርዝ ነው፤ ጠርዙም ብዙውን ጊዜ የተሸራረፈ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደ ሞቱ ገልጿል። ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መኪና ውስጥ የነበሩ ሳይሆኑ እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ባለሞተር ብስክሌቶች ናቸው።

ታዲያ ይህ ጉዳይ የገበሬ ማኅበር መሪዎችን ምን ይመለከታቸዋል? (ዛሬ የገጠር ቀበሌ ይባል እንጂ ሕዝቡ «ገበሬ ማኅበር» ማለቱን አልተወም።) የሚመለከታቸው ከሐዋሳ ስምንት ክፍለ ከተሞች አንዱ የሆነው ሐዌላ ቱላ አብዛኛው ገጠር ስለ ሆነ ነው። ከዚያና ከአካባቢው ወረዳዎች ጠዋት ጠዋት ወደ ከተማ የሚገባው የቀን ሠራተኛ፣ ወተት አቅራቢና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የገበሬው ልጅ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶችን፣ በተለይም ሴቶችን፣ ከገጠር ስቧል። ብዙዎቹ ከአነስተኛ ደመወዛቸው ላይ የቤት ኪራይ እየከፈሉ በአንዲት ክፍል ተሰብስበው ለመኖር የተገደዱ ናቸው። ከወላጆቻቸው ቤት እየተመላለሱ መሥራት ለሚችሉት ኪራዩ በቀረላቸው ነበር።

ሒሳቡን እናስላው። እግረኛ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በደህና የአፈር መንገድ ላይ ብስክሌተኛ ሳይቸኩል 12 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የሥራው ቦታ 10 ኪሎ ሜትር ቢርቅ እግረኛው ደርሶ ለመመለስ 4 ሰዓት ሲፈጅበት ብስክሌተኛው በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይጨርሳል። ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው ልዩነቱ በሳምንት 14 ሰዓት ነው። በሕንድ አገር የቢሃር ግዛት መንግሥት ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ 9ኛ ክፍል ለገቡ ልጃገረዶች ለብስክሌት መግዣ ገንዘብ ሰጥቶ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚመዘገቡት ቁጥር በ30 በመቶ ያህል ጨምሯል። ለውጡ በይበልጥ የታየው ትምህርት ቤት በራቀባቸው መንደሮች ነው።

ለዚህ የሚሆነው መንገድ በአብዛኛው ያለ ነው። ከመንደር መንደር፣ ከውኃ ወደ ገበያ የሚወስደው የእግርና የከብት መንገድ መኪና አይገባበትም፣ ጥላ አለው፣ አንዳንድ ጊዜም ከአስፋልቱ ያቋርጣል። ችግሩ መንገዱ እየጠፋ መሆኑ ላይ ነው። በሲዳማ መሬት ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ ነው። አንዱ በየዓመቱ አንድ ፈር ወደ መንገዱ ገፋ አድርጎ ያርሳል። ሌላው ዳሩን በባሕር ዛፍ ያጥራል። ሦስተኛው ቤት ይሠራበታል። አሥር ዓመት ሳይሞላ ሁለት ከብት ጎን ለጎን ይነዳበት የነበረው መንገድ አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ስርጥ ይሆናል። ሽማግሌዎች የሚጠሩት ጠብ ከተነሣ በኋላ ነው። የመሬት ልኬት ሲደረግና የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ መንገዱ ከማንም ይዞታ ውስጥ ሳይገባ በወል መሬትነት በካርታው ላይ እንዲሰፍር ማድረግ የማኅበሩ መሪዎች ሥራ ነው። ከተመዘገበ በኋላ ለማስለወጥ መሯሯጥ ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቀው የደረሰበት ነው።

ሁለተኛው ጠላት ጎርፍ ነው። በሐዋሳ ዙሪያ ያለው አፈር እሳተ ገሞራ የተፋው ቀላል አፈር በመሆኑ ውኃን ቶሎ ያሳልፋል፣ ይህም ለብስክሌት ይመቻል፤ ነገር ግን ዳገት ላይ በቀላሉ ይታጠባል። ኮቴ አፈሩን ያላላዋል፣ ጎማ ደግሞ ቀጭን መሥመር ያወጣበታል፤ ዝናብ ሲጥል ያ መሥመር ቦይ ይሆናል፣ ቦዩም በጥቂት ዓመታት ቦረቦር ይሆናል። ከዚያ የታጠበው ደለል ቀድሞ ሐይቅ የነበረውን የጨለለቃን ረግረግ ሞልቶ በጥቁር ውኃ ወንዝ በኩል ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባል። እንግዲህ ያልተጠበቀ የእግር መንገድ የሚበላው የራሱን የገበሬውን ማሳ ነው።

ሥራው ከባድ አይደለም። በአፈርና ውኃ ጥበቃ ዘመቻ ጊዜ፣ በልግ ሳይጥል፣ ጥቂት ቀን ቢመደብለት ይበቃል። ስፋቱ ሁለት ብስክሌት እንዲያስተላልፍ አንድ ሜትር ተኩል ይሁን፤ መሐሉ ከፍ ብሎ ውኃው ወደ ጎን ይውረድ። በተዳፋት ላይ መንገዱ ቁልቁል ቀጥ ብሎ አይውረድ፣ ይጠማዘዝ፤ በየጥቂት እርምጃውም ውኃውን ወደ ሣር የሚያወጣ አግድም ቦይ ይቆፈርለት። ጭቃ በሚይዝበት ቦታ ቀይ አሸዋ መድፋት ይጠቅማል። በጅረት ላይ የሚጋደመው ድልድይ እንጨቱ በመንገዱ አቅጣጫ ሳይሆን በአግድም ይደርደር፤ በቁመቱ የተደረደረ እንጨት ጎማውን በስንጥቁ ውስጥ ይዞ ባለ ብስክሌቱን ወንዝ ውስጥ ይጥለዋል። የግራር ቅርንጫፍ የሚቆርጡ ሰዎች እሾሁን መንገድ ላይ እንዳይተዉም መከልከል ያስፈልጋል። ጎሚስታ የሚገኘው ከተማ ነው።

ሁሉም ሰው በዚህ መንገድ ይሂድ ማለት ግን አይደለም። ማታ ከፋብሪካ የምትወጣ ልጅ በባሕር ዛፍ መሐል ጨለማውን ጥሳ ከምትሄድ በአስፋልቱ፣ መብራት ባለበት፣ ከጓደኞቿ ጋር ብትሄድ ይሻላታል። በክረምት አንዳንዱ መንገድ ጨርሶ አያስኬድም።

መንግሥት በ2012 ዓ.ም. እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ድረስ የሚሠራበት ሞተር አልባ የትራንስፖርት ስልት አውጥቷል። ዋና ትኩረቱ ከተሞች ስለ ሆኑ ከከተማው ወሰን ወዲያ ያለውን መንገድ ማን ይጠብቀዋል ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጡት የየማኅበሩ መሪዎች ናቸው። ከክፍለ ከተማው ጋር ሊነጋገሩበት የሚገባም አንድ ነገር አለ። የእግሩ መንገድ አስፋልቱን የሚገናኝበት ቦታ እጅግ አደገኛ ነው፤ ከማሳ መሐል ብቅ የሚለውን ብስክሌተኛ ሾፌሩ አያየውም። እዚያ ላይ በቆሎና ቁጥቋጦ ግራና ቀኙን እንዳይጋርድ፣ በአስፋልቱም ላይ ፍጥነት መቀነሻ እንዲሠራ ጥያቄው በጽሑፍ ቢቀርብ፣ ቦታውም በአካል ቢታይ ይበጃል።