«አልሙኒየም አይዝግም» ያለው ማን ነው?

አሮጌ ላንድሮቨር ገዝቶ በግቢው ማደስ የጀመረ ሰው ከአላፊ አግዳሚው የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ይሄ እኮ አይዝግም! አካሉ አልሙኒየም ነው፤ ሻንሲውን ቀባ ቀባ አድርገህ ንዳው።» ይህን የሚል ሰው የላንድሮቨርን በር የታችኛውን ጠርዝ በጣቱ ዳስሶ አያውቅም። ቢዳስስ ኖሮ ቀለሙ አብጦ፣ ሲነኩት ፈርሶ፣ ከሥሩ ነጭ ዱቄት ሲረግፍ ያይ ነበር። ያ ዱቄት የአልሙኒየም ዝገት ነው። ሰሞኑን ደግሞ ወሬው ጭማሪ አበጅቶ መጥቷል፤ «ቡሎኑን በሙሉ በስቴይንለስ ከቀየርክ መኪናው ለልጅ ልጅ ይተርፋል» ይባላል። ይህኛው ገንዘብ ስለሚያስወጣ ይብሳል።

መኪናው ለምን አልሙኒየም እንደለበሰ ባጭሩ ልበል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ብረት የሚታደለው በራሽን ነበር፤ የአውሮፕላን ፋብሪካዎች ይጠቀሙበት የነበረው አልሙኒየም ግን በቀላሉ ይገኝ ነበር። የሮቨር ኩባንያ መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ እርሻው ላይ ከጦርነት የተረፈ ዊሊስ ጂፕ ይነዳ ነበርና እ.ኤ.አ. በ1947 የራሱን ዓይነት አሰበ፤ መኪናው ኤፕሪል 30 ቀን 1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ቀረበ። ላሜራው ቢርማብራይት የሚባል፣ ማግኒዥየም የተቀላቀለበት አልሙኒየም ነው። ሻንሲው፣ ሞተሩን ከጋቢናው የሚለየው ግድግዳና የበሮቹ አጽም ግን ብረት ናቸው። «የአልሙኒየም መኪና» የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው፤ በብረት አጽም ላይ የተሰፋ የአልሙኒየም ቆዳ። ወሬው የሚረሳው ስፌቱን ነው።

ስለ ሞተሩ ብዙ አልልም። እ.ኤ.አ. ከ1958 ወዲህ የመጣው 2286 ሲሲ የቤንዚን ሞተር ለማንም ደህና መካኒክ ገር ነው፤ ካምቢዮውም ጩኸቱን ለታገሠው ይሠራል፤ ባሌስትራውን አውጥቶ ቅጠሉ ያነሰ ፓራቦሊክ ማስገባት ጉልበትና መፍቻ ይፈልጋል እንጂ ምስጢር የለውም፤ ጎማ ማስፋት የኪስ ጉዳይ ነው። ይህን ማንኛውም የጥገና መጽሐፍ ይነግራችኋል። እድሳቱን የሚያከሽፈው ሌላ ነው። ሰው በሩን በስቱኮ አስሞልቶ፣ አስቀብቶ፣ ብዙም ሳይቆይ ቀለሙ ተመልሶ ሲያብጥበት ባቲላሜራውን ይረግማል። ባቲላሜራው የተሰጠውን ሠርቷል፤ በሽታው ግን ከላሜራው ጀርባ ነው ያለው።

አልሙኒየም ለብቻው ሲቀመጥ ጨዋ ነው። አየር እንደነካው ላዩ ላይ የኦክሳይድ ሽፋን ይሠራል፤ የፈላ ወተት ላይ እንደሚጣለው ስልባቦት ከራሱ የወጣ፣ ቢገፈፍም ወዲያው የሚተካ ነው። ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው፤ «አይዝግም» የሚለው እምነት በሙሉ የቆመው በዚህች ስስ ነገር ላይ ነው። ሽፋኑ ደግሞ ጠላት አለው፤ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ይበሳዋል። በእንግሊዝ አገር በብርድ ወራት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። እኛ ዘንድ ይህ የለም፤ ስንት ዘመን በገጠር መንገድ ተሳፋሪ ሲያመላልሱ የኖሩ ላንድሮቨሮች ዕድሜ ያገኙት በከፊል ለዚህ ነው። ዳሎል ደርሶ የተመለሰ መኪና ግን ከዚህ ቁጥር አይገባም፤ ሻንሲው ውስጥ የተጠቀጠቀ የጨው ጭቃ በአንድ እጥበት አይወጣም።

አሁን ብረት እናምጣና አልሙኒየሙን በላዩ በሪቬት እንምታው፤ ወይም በሩ ላይ እንደተደረገው አልሙኒየሙን በብረቱ ጠርዝ ላይ አጥፈን እንጫነው። እጥፋቱ ውስጥ ውኃ ይገባል፤ ጠባብ ቦታ የገባ ውኃ ደግሞ ቶሎ አይደርቅም። ሦስት ነገር ተሟላ፦ ሁለት የተለያዩ ብረታ ብረቶች፣ በመካከላቸው ቀጥተኛ ንክኪ፣ ሁለቱንም ያራሰ ቆሻሻ ወይም ጨዋማ ውኃ። ይህ ባትሪ ነው። ባትሪ ይመስላል አላልኩም። አሌሳንድሮ ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1800 ዚንክና መዳብ እያነባበረ በመካከላቸው በጨው ውኃ የተነከረ ጨርቅ ያስገባበት መሣሪያ ከበሩ ጠርዝ የሚበልጠው በንጽሕናው ነው። የበሩ ባትሪ እንዲያውም ሁለት ጫፎቹ ተገናኝተው ስለተሠራ፣ እርጥበት እስካለ ድረስ ቀንም ሌሊትም ይሠራል።

አልሙኒየሙ ኤሌክትሮን ይለቅቃል፣ እየለቀቀም ይሟሟል። ኤሌክትሮኑ በንክኪው በኩል ወደ ብረቱ ይሻገርና ውኃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን በብረቱ ገጽ ላይ ይቀበለዋል። የሚሟሟው ወገን አኖድ፣ ሌላው ካቶድ ይባላል። (እነዚህ ስሞች በባትሪ ላይ ከተማርናቸው የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ ምልክቶች ጋር እየተምታቱ ስንቱን ተማሪ አሰቃይተዋል፤ እኔ ከዚህ በኋላ «ከሳሪ» እና «አትራፊ» እላለሁ፤ የኬሚስትሪ መምህራን ይቅር ይበሉኝ።) ልብ በሉ፤ እዚህ የሚከስረው አልሙኒየሙ ነው። ብረቱ በዚያች ነጥብ ላይ እንዲያውም ከዝገት በመጠኑ ይድናል፤ የራሱ ተራ የሚደርሰው በኋላ ነው። ነጩ ዱቄት ከወጣበት አልሙኒየም የሰፋ ቦታ ስለሚይዝ እጥፋቱን ከውስጥ ይገፋዋል። ቀለሙን ያሳበጠው ይህ ግፊት ነው፤ ከላይ የተሞላ ስቱኮ ሊመልሰው አይችልም።

ይህን ለመጠርጠር ቮልታንም መጠበቅ አላስፈለገም። እ.ኤ.አ. በ1761 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አላርም የተባለችውን የጦር መርከብ እንጨት ከሚበላ የባሕር ትል ለማዳን ከታች በመዳብ ላሜራ አለበሳት፤ ላሜራው የተመታው በብረት ምስማር ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ስትመረመር መዳቡ ደህና ነው፤ ብዙዎቹ ምስማሮች ግን ተበልተው አልቀዋል። ጥቂቶች ብቻ ጤነኛ ሆነው ተገኙ። ለካ ላሜራው ሲመጣ የተጠቀለለበት ቡናማ ወረቀት አንዳንድ ቦታ ሳይነሳ ቀርቶ በምስማሩና በመዳቡ መካከል ገብቶ ኖሯል። ንክኪው ሲቋረጥ ባትሪው ይሞታል። በበሩ እጥፋት ውስጥ የምናስገባው ማሸጊያ፣ ከሪቬቱና ከቡሎኑ ሥር የምናደርገው የናይለን ሮንዴላ ከዚያ ወረቀት የተለየ ሥራ የላቸውም።

የአላርም ምስማሮች ያን ያህል ቶሎ ያለቁበት ምክንያት ደግሞ ስፋት ነው፤ እኔ ከዚህ ርዕስ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንን ነው። አትራፊው የሚቀበለው የኤሌክትሮን መጠን በገጹ ስፋት ይወሰናል፤ ኦክስጅን የሚያገኘው በገጹ ላይ ነውና። ከሳሪው ትንሽ ከሆነ ያ ሁሉ ኪሳራ በትንሽ ቦታ ላይ ይወርዳል። መርከቧ ላይ አትራፊው መዳብ የመርከቡን ሆድ ያህል ሰፊ ነበር፤ ከሳሪዎቹ የምስማር አናቶች ናቸው። ከዚህ የሚወጣው መመሪያ ቀለም ቀቢን ሁሉ ግራ ያጋባል፦ ከሁለቱ አንዱን ብቻ መቀባት ካለባችሁ የምትቀቡት የማይጎዳውን ነው። ብረቱን! አልሙኒየሙን ብቻ ቀብታችሁ ብረቱን ራቁቱን ብትተዉ፣ ጠጠር በቀለሙ ላይ የጫረችው አንዲት ጭረት የሰፊውን ብረት ፍላጎት ብቻዋን ትሸከማለች፤ ላሜራው እዚያው ይበሳል። ብረቱ ተቀብቶ ቢጫር ግን ጭረቷ ትንሽ አትራፊ ናት፤ ከሰፊ አልሙኒየም ላይ ብትወስድ ምን ያህል ትወስዳለች? ሁለቱንም መቀባት እንደሚሻል ሳልናገርም ይታወቃል፤ ለአልሙኒየሙ ግን ለእሱ ተብሎ የተሠራ ፕራይመር ያስፈልጋል፤ ተራ አንቲረስት አይይዘውም።

ወደ ስቴይንለሱ እንምጣ። በባሕር ውኃ ውስጥ ሲለካ በተራ ብረትና በአልሙኒየም መካከል ያለው ልዩነት ከ0.1 እስከ 0.2 ቮልት ገደማ ነው፤ ስቴይንለስ ሲሆን ወደ 0.7 ይጠጋል። (የትምህርት ቤቱን ሠንጠረዥ፣ አልሙኒየምን በኔጋቲቭ 1.66፣ ብረትን በኔጋቲቭ 0.44 የሚያስቀምጠውን፣ እዚህ አታምጡብኝ፤ እሱ ያ ስስ ሽፋን የሌለውን አልሙኒየም የሚመለከት ነው፤ መኪና ላይ እንዲህ ያለ አልሙኒየም የለም።) ከዚህ ተነስቶ «ስቴይንለስ ላሜራውን ይጨርሰዋል» የሚል የሙያ ባልደረባ አለ፤ «የለም፣ ምንም አይልም» የሚልም አለ፤ እኔ እዚህ ላይ እጠነቀቃለሁ። ቮልት ግፊትን እንጂ ፍጥነትን አይናገርም። ስቴይንለስ ኤሌክትሮንን ለኦክስጅን በማስረከብ ሥራ ከመዳብ ይልቅ ዳተኛ ነው፤ ስለዚህ በቁጥሩ ልክ አይጎዳም። ቡሎኑም ከላሜራው ያነሰ ስለሆነ የስፋቱ ሕግ ለእኛ ያደላል። ነገር ግን መኪናው ባሕር ውስጥ አልተነከረም፤ ያለው ውኃ ጠብታ ነው፤ ኪሳራው ጠብታው ካረሰው ቦታ አልፎ አይሄድምና በቡሎኑ ዙሪያ ባለች ጠባብ ቀለበት ላይ ይከማቻል። ደረቅ አገር ውስጥ፣ ግሪስ ተቀብቶ የገባ ስቴይንለስ ለዘመናት ምንም ላያሳይ ይችላል፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ ግን ቶሎ ያሳያል። ለአካል ቡሎን የእኔ ምርጫ ዚንክ የተለበጠ ተራ ቡሎን ከናይለን ሮንዴላ ጋር ነው፤ ዋጋውም ያነሰ ነው። የባሌስትራና የመሪ ቡሎን ግን በስቴይንለስ ፈጽሞ አይቀየርም፤ ክርክርም አያስፈልገውም፤ የነፍስ ጉዳይ ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው ኤ2-70 የተባለው ስቴይንለስ የሚበጠሰው ከ700 ሜጋፓስካል ጀምሮ ነው፤ 8.8 የሚል የተጻፈበት ቡሎን 800 ይችላል፤ ሳይበጠስ መለጠጥ የሚጀምርበት ልክ ሲነጻጸር ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል።

ዚንክን የመረጥኩት ለአልሙኒየም የቅርብ ጎረቤት ስለሆነና ከብረት በፊት ስለሚከስር ነው። ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1824 የመርከብን መዳብ ዚንክና ብረት እያስከሰረ ማዳን እንደሚቻል አሳየ። ተሳክቶለትም ነበር፤ ነገር ግን የሚሟሟው መዳብ የባሕር ፍጡራንን ይመርዝ ስለነበር፣ መሟሟቱ ሲቆም ፍጡራኑ ከመርከቦቹ ሥር ተጣብቀው አዘገዩአቸው። የቤታችን ቆርቆሮም በዚሁ ዘዴ ነው የሚኖረው፤ ሲቆረጥ ጠርዙ ወዲያው የማይዝገው ዚንኩ ስለሚከስርለት ነው። የላንድሮቨር ፋብሪካም ይህን ያውቅ ነበር፤ የካሶኒውን ጠርዝ የሚያቅፈው ብረት ዚንክ የተነከረ ነው።

ሻንሲው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ሻንሲ የሚሞተው በአልሙኒየሙ ምክንያት አይደለም፤ ባዶ ሳጥን ስለሆነ ጭቃና ውኃ ውስጡ ተቀምጠው ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሉታል። የተቃጠለ ዘይት የሚረጩበት ሰዎች ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ዘይት ውኃን ይገፋል፤ ችግሩ ጎሚኒዎቹን ማሳበጡና ከጭቃ ጋር ተለውሶ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎችን መድፈኑ ነው። አቅም ያለው ሻንሲውን 450 ዲግሪ በሚደርስ የቀለጠ ዚንክ ያስነክራል። እንዲህ ከሆነ ማሻሻያው ሁሉ ከመነከሩ በፊት ይለቅ፤ የምትጨምሩት የመጎተቻ ቅንፍም ሆነ የታንከር ማሰሪያ አስቀድሞ ይበየድ፣ ይበሳ። የተዘጋ ሳጥን መተንፈሻ ቀዳዳ ከሌለው ውስጡ የቀረው እርጥበት ዚንኩ ውስጥ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ይፈነዳል። የጋቢናው ግድግዳ ደግሞ ስስ ስለሆነ ሙቀቱ ሊያጣምመው ይችላል፤ ተጣሞ ከመጣ በሮቹ አይገጥሙም።

ከተነከረ በኋላ መበየድ ግድ ከሆነ፣ የሚወጣው ነጭ ጢስ የዚንክ ኦክሳይድ ነው፤ ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያመጣል። በያጆቻችን ወተት ይጠጡበታል። ወተቱ የሚገባው ሆድ፣ ጢሱ የገባው ሳንባ ነው፤ አይገናኙም። ከብየዳው መስመር ግራና ቀኝ ያለውን ዚንክ አስቀድሞ ፈግፍጎ ማንሳት፣ ደጅ ንፋስ ባለበት መበየድ፣ ሲያበቃ ራቁቱን የቀረውን ብረት ዚንክ በበዛበት ቀለም መሸፈን።