የፒካፕን ፊት ጥቂት ማንሳት

ከጣርማበር ተገንጥሎ በሰላ ድንጋይና በሞላሌ አድርጎ መሐል ሜዳ የሚደርሰውን መንገድ የመንዝ ሰው ያውቀዋል። ከዚያ አልፎ ወደ ግሼ ራቤል የሚሄድ አለ። በመርሐቤቴ በኩል ደግሞ ከሙከ ጡሪ የሚመጣው መንገድ እስከ ጀማ ሸለቆ ቁልቁል ወርዶ፣ እንደገና ሽቅብ ወጥቶ ዓለም ከተማ ይገባል። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚያስገባው ግን ብዙ ጊዜ ድንጋይ ነው። ክረምት ሲሆን ጭቃ ይጨመርበታል። ስለዚህ ገብሱን፣ ድንቹን፣ በጉን፣ አንዳንዴም በምጥ የተያዘችውን እናት የሚያመላልሰው ፒካፕ ነው። ፒካፕ ማለት ከፊት ጋቢና፣ ከኋላ ክፍት መጫኛ ያለው መኪና ነው።

የፒካፑ አፍንጫ ድንጋይ ሲነካ ሰው «ፊቱ ይነሳልን» ይላል። ይቻላልም። ጥቂት ማንሳት ይጠቅማል፤ ብዙ ማንሳት ግን ሰው ያስጎዳል። በጥቂቱና በብዙው መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ሁለት ሦስት ጣት ቢሆን ነው። መኪናው የማኅበርም ይሁን የኪራይ፣ ከላዩ የምንሳፈረው እኛው ነን። ስለዚህ ሥራውን ለመካኒክ ብንተውም ነገሩን ማወቅ አለብን።

መኪናው በምን ላይ ይቆማል?

መኪና በቀጥታ ጎማው ላይ አልተቀመጠም። በመካከሉ የሚጎብጥና የሚመለስ ብረት አለ። እሱ ባይኖር ጎማው ድንጋይ በመታ ቁጥር ምቱ በሙሉ ወደ ተሳፋሪው ወገብ ይመጣ ነበር።

አንደኛው ዓይነት ባሌስትራ ነው። ረዘም ያሉ ዝርግ ብረቶች ተደራርበው፣ መሐላቸው ታስሮ፣ ጫፎቻቸው ወደ ላይ ቀና ብለው ይታያሉ። ቃሉ የጣሊያንኛ ነው። ጣሊያኖች ባሌስትራ የሚሉት ጥንት የጦር መሣሪያ የነበረ አንድ የቀስት ዓይነትን ነው። ሞላ፣ ጎማ፣ ክሪክ፣ ጋቢና የሚባሉትም ቃላት ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። ስሙ መልካም ስም ነው እንላለን። ጥጥ የነደፈ ሰው ደጋኑን ያስብ፤ ሲጫኑት ይጎብጣል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ባሌስትራም እንደዚያው ነው።

ሁለተኛው ሞላ ነው። ይህ እንደ እባብ ተጠምጥሞ የቆመ ብረት ነው። የቶዮታ ላንድክሩዘር ፒካፕ ቀድሞ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ነበረው። ከ1991 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ የተሠራው ግን ከፊት ሞላ፣ ከኋላ ባሌስትራ ነው።

ሦስተኛው ቶርሽን ባር ይባላል። ጎንበስ ብለው ካላዩት አይታይም። ከመኪናው ሥር የተጋደመ ቀጥ ያለ ወፍራም ዘንግ ነው። ክብደት የሚሸከመው እየተጠመዘዘ ነው። ጭነት ስናስር ገመዱ ውስጥ ዱላ አስገብተን እንጠመዝዘው የለ? ዱላውን ብንለቀው ተሽከርክሮ ይመለሳል። ዘንጉም እንደዚያ ለመመለስ ሲታገል መኪናውን ሽቅብ ይዞት ይቆማል። በአራቱም ጎማ የሚነዱ የቀድሞ ሚትሱቢሺ ኤል 200 እና አይሱዙ ዲማክስ ፒካፖች ፊታቸው እንደዚህ ነው።

ከእነዚህ አጠገብ አሞርቲዛተር የሚባል ዘይት ያለበት ቱቦ አለ። ዋና ሥራው ክብደት መሸከም አይደለም። መኪናው ከድንጋይ ላይ ከወረደ በኋላ እየዘለለ እንዳይቆይ መያዝ ነው። እንግዲህ «አሞርቲዛተር ለውጬ ፊቱን አነሳላችኋለሁ» የሚል ቢመጣ ጥያቄ እንጠይቀው።

ባዶ ፒካፕ ለምን ያቀረቅራል?

ባዶ ፒካፕ ከጎን ሲታይ ፊቱ ዝቅ፣ ኋላው ከፍ ያለ ነው። ብዙ ሰው ይህን ጉድለት ይመስለዋል። ጉድለት አይደለም። ሠሪዎቹ ያሰቡት ጭነቱን ነው። አሥር ኩንታል እህል ከኋላ ሲጫን ኋላው ይወርዳል፣ መኪናውም ይስተካከላል። ባዶውን እያየን ፊቱን ከኋላው እኩል ብናደርገው፣ በተጫነ ጊዜ አፍንጫው ወደ ሰማይ ያያል። ያን ጊዜ የፊት ጎማ መሬቱን በደንብ አይጫንም። መሪውም ይቀላል። ኋላዋ ከመጠን በላይ የተጫነ አህያ ፊቷ ሲቀላት አይተናል። ዳገት ላይ ምን እንደምትሆን ለገበሬ አንነግረውም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ፊቱ ዝቅ ብሏል ወይ?» ሳይሆን «ከድሮው ወርዷል ወይ?» የሚለው ነው። ብረት በብዙ ዓመት ሥራ ይደክማል። የደከመውን ወደ ቦታው መመለስ ተገቢ ነው። ከፋብሪካው ልክ በላይ መሄድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ይህን የሚነግረን ልኬት ነው። መኪናው ባዶውን እንደ አውድማ በተስተካከለ መሬት ላይ ይቆማል። የጎማዎቹ ነፋስ እኩል ይሁን። ከጎማው መሐል፣ ማለት ከቸርኬው እምብርት ተነስቶ፣ በቀጥታ ሽቅብ እስከ ጭቃ መከላከያው ጠርዝ ድረስ በሜትር ይለካል። አራቱም ጎማ ይለካና በደብተር ይጻፋል። እንበል፣ የፊት ቀኝ 47፣ የፊት ግራ 45 ሳንቲ ሜትር ሆነ። በአገራችን ሾፌር የሚቀመጠው በግራ ስለሆነ ግራው ቀድሞ ቢደክም አይገርምም። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ግራውን ሁለት ሳንቲ ሜትር መመለስ ብቻ ይበቃ ይሆናል። ደብተሩ መኪናው ውስጥ ይቀመጥ። መካኒኩ «አምስት ሳንቲ አነሳሁ» ቢል እኛም ለክተን እናየዋለን።

እንዴት ይነሳል?

ቶርሽን ባር ያለው ይቀላል። በዘንጉ ጫፍ ማስተካከያ ብሎን አለ። ሲጠብቅ ፊቱ ይነሳል፣ ሲላላ ይወርዳል። ነገር ግን የመኪናው ክብደት ብሎኑ ላይ እንዳለ ቢዞር ጥርሱ ይበላል። ስለዚህ ፊቱ መጀመሪያ በክሪክ ይነሳል፣ የኋላ ጎማዎች በታኮ ይያዛሉ፣ ከፊት ጠንካራ ማቆሚያ ይገባል። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ሰው አይገባም! ብሎኑ ከዞረ በኋላ መኪናው ይወርድና ጥቂት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነዳል። ጎማዎቹ ቦታቸውን ካልያዙ ልኬቱ ይዋሻል። ከዚያ እንደገና ይለካል። ብሎኑን ማጥበቅ ዘንጉን አያጠነክረውም፤ ከፍታውን ብቻ ይለውጣል። «ስለተነሳ ብዙ ይጭናል» የሚለው ወሬ ስለዚህ ሐሰት ነው።

ሞላ ያለው መኪና የደከመው ሞላ በአዲስ ይለወጥለታል፣ ወይም ከሞላው ጫፍ ላይ ለዚሁ የተሠራ ወፍራም ቀለበት ይገባለታል። ባሌስትራ ያለው ደግሞ የደከሙት ዝርግ ብረቶች ይለወጡለታል፤ አንዳንዴም አንድ ይጨመርለታል።

ባሌስትራን በተመለከተ አንድ ክፉ ልማድ አለ። ብረቱን በእሳት አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ ጎበጥ አድርጎ መመለስ ነው። ይህን ለመረዳት ወደ ብረት ሠሪው ቤት እንሂድ። ያረጀ ባሌስትራ በብረት ሠሪ ዘንድ በጣም ይፈለጋል፤ ጥሩ ማረሻ፣ ጥሩ ማጭድ ይወጣዋል። ብረት ሠሪው የጋለ ብረት ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ እንደሚለሰልስ ያውቃል። ውሃ ውስጥ ቢነከር ደግሞ ይጠነክራል፤ ሲመቱት ግን ይሰበራል። ባሌስትራ ከሁለቱም መካከል ነው። በፋብሪካ ግሎ፣ በዘይት ቀዝቅዞ፣ ከዚያ እንደገና በልኩ እንዲሞቅ ተደርጎ ነው ያንን መመለስ ያገኘው። ልኩ በዓይን አይያዝም። ስለዚህ በየቤቱ እሳት የጋለ ባሌስትራ ወይ ለስልሶ በወሩ ይተኛል፣ ወይ ደርቆ መንገድ ላይ ይሰበራል። ብየዳም ያው እሳት ነው። ማረሻ ቢሰበር ሥራ ይፈታል፤ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወረድ የፊት ባሌስትራ ቢሰበር ግን መሪው ይሄዳል።

ከልክ ሲያልፍ

ከሦስት ሳንቲ ሜትር፣ ማለት ከሁለት ጣት ያህል በላይ እንዲነሳ እኛ አንመክርም። ከዚያ ሲያልፍ ሌሎች ነገሮች አብረው ይለወጣሉ። ጎማውን ከመሪው ጋር የሚያገናኙት ቴስቲናዎች ተጣመው ይሠራሉ፣ ቶሎም ይበላሉ። የፊት ጎማን የሚያዞሩት ዘንጎች መታጠፊያቸው ይበዛል፤ ቅባት የያዘው ጎሚኒ ይቀደዳል፣ አቧራ ይገባዋል። የፍሬን ዘይት የሚሄድበት ቱቦም አለ። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ቱቦው ተወጥሮ ከሆነ አደጋ ነው። ይህ የመጨረሻው በዓይን ይታያል፤ ፊቱ በክሪክ ተነስቶ ጎማው ሲንጠለጠል፣ መሪው ወደ ቀኝና ወደ ግራ እስከ መጨረሻ ዞሮ ቱቦው ይታይ።

ከሁሉ የሚብሰው መገልበጥ ነው። በበቅሎ ላይ ጭነት ከፍ ተደርጎ ሲታሰር በጥግ መንገድ ይዟት ይወድቃል። ፒካፕም ክብደቱ ወደ ላይ በወጣ መጠን በኩርባ ላይ መገልበጥ ይቀለዋል። ከጭነቱ በላይ ሰው ሲቀመጥበት ደግሞ ይብሳል።

አንድ የሚያስገርም ነገር እንጨምር። ፊቱ አንድ ወጥ አክሰል የሆነ ፒካፕ፣ ለምሳሌ ላንድክሩዘሩ፣ ባሌስትራው ወይም ሞላው ቢነሳ የሚነሳው ጋቢናውና አፍንጫው ነው። አክሰሉና ዲፈረንሲያሉ ከጎማው ጋር ስለተያያዙ ከነበሩበት ንቅንቅ አይሉም። ድንጋዩ የሚመታው ዲፈረንሲያሉን ከሆነ ገንዘባችን በከንቱ ወጣ ማለት ነው። ለዚያ መፍትሔው መንገዱ ላይ ያለውን ድንጋይ በዶማና በአካፋ ማንሳት ነው። ቀበሌው አንድ ቀን ቢወጣለት ያልቃል።

ፊቱ ከተነሳ በኋላ የፊት ጎማዎች አቅጣጫ በጋራዥ ይስተካከላል፤ አላይመንት የሚሉት ይህ ነው። ካልተደረገ የጎማው አንድ ጠርዝ ብቻ ተበልቶ ያልቃል፣ ጎማ ደግሞ ውድ ነው። የፊት መብራትም ይነሳል፤ ማታ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት መኪናው ከግድግዳ አሥር እርምጃ ርቆ ይቁምና ብርሃኑ ያረፈበት በከሰል ይመልከት። ከሥራው በኋላ እዚያው ቦታ ቆሞ መብራቱ ወደ ከሰሉ ምልክት ይመለስ።

አንድ ሳምንት ከተሠራበት በኋላ ብሎኖቹ እንደገና ይጠበቁ፣ ከፍታውም ይለካ። ቁጥሩ በደብተሩ ላይ ከመጀመሪያው አጠገብ ይጻፍ።