ወገባችንን የሚይዘው መቀነት
(በሬዲዮ የጤና ዝግጅታችን የቀረበ)

ዛሬ ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁትን የጀርባና የሆድ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል።

ከደረሱን መልእክቶች አንዱን እናስቀድም። የአራት ልጆች እናት የሆነች አንዲት እህታችን የመጨረሻ ልጇን ከወለደች ስምንት ወር ሆኗታል፤ ሆዷ ግን እንደ በፊቱ አልገባም። ጎረቤት ባገኛት ቁጥር «ደግሞ አረገዝሽ እንዴ?» ይላታል። በዚህ ተበሳጭታ በስልክ ያየችውን ሲታፕ ልጆቿን እያስተኛች በየሌሊቱ መቶ መቶ ጊዜ ትሠራ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ወገቧ ተያዘ። «ሆዴ እንዳለ አለ፤ አሁን ደግሞ ሱጁድ ወርጄ መነሳት አቃተኝ» ትላለች።

ይህች እህታችን የተጎዳችው ከስንፍና አይደለም፤ እንዲያውም ብርታቷ ያስቀናል። ሁለት ነገሮች ተቀላቅለውባት ነው። በሆድ ላይ የሚከማቸው ስብ አንድ ነገር ነው፤ ከስቡ ሥር ያለው ጡንቻ ደግሞ ሌላ ነው። ጡንቻውን በማሠራት ከላዩ ያለውን ስብ ለይቶ ማቅለጥ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 24 ሰዎች በሁለት ቡድን ተከፍለው ነበር። አንደኛው ቡድን ለስድስት ሳምንታት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ሰባት ዓይነት የሆድ እንቅስቃሴ ሠራ። ጡንቻቸው በረታ፤ የሆዳቸው ስብ ግን አልቀነሰም። ቦርጭ የሚቀንሰው አጠቃላይ የሰውነት ስብ ሲቀንስ ነው፤ ይህም ከገበታና ከእግር ጉዞ ይጀምራል።

ታዲያ ጡንቻውን ማጠንከር ምን ይጠቅማል? ወገብን ይይዛል። የሆዳችን ግድግዳ ተደራራቢ ጡንቻዎች አሉት። ከሁሉም በታች ያለው ከጎን እስከ ጎን ይጠመጠምና ከኋላ ከአከርካሪው ጋር ይያያዛል፤ ልክ እናቶቻችን ወገባቸውን እንደሚታጠቁት መቀነት ማለት ነው። ከኋላ ደግሞ አከርካሪን ግራና ቀኝ ይዘው የሚወርዱ የጀርባ ጡንቻዎች አሉ። የፊቱ ሲላላ የኋላው ብቻውን ይሸከማል፤ ይደክማል፤ ከዚያም ሕመም ይመጣል። ስለዚህ ሆድና ጀርባ አብረው ይሠራሉ እንጂ ተነጣጥለው አይታዩም።

በእርግዝና ጊዜ የፊት ጡንቻዎች መሀል ለመሀል ይለያያሉ። ይህ የተለመደ ነው፤ በብዙዎች ላይም ከወሊድ በኋላ ቀስ በቀስ ይጠጋጋል። በአንዳንድ እናቶች ላይ ግን ክፍተቱ ይቆያል። ለማወቅ በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን ማጠፍ፣ ጣቶችን ከእምብርት በላይ ማሳረፍና ራስን ብቻ ቀስ ብሎ ማንሳት ነው። ከሁለት ጣት በላይ የሚያስገባ ክፍተት ካለ፣ ወይም የሆድ መሀል እንደ ጉብታ ወደ ላይ ከሾለ፣ ሲታፕ ይቅር። መጀመሪያ የጤና ባለሙያ ይይላት። በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ደግሞ ሐኪሟ ሳይፈቅድላት አትጀምር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሶላት ዒባዳ ነው፤ ስፖርት ነው እያልን አይደለም። ነገር ግን ሩኩዕን አሟልቶ የሚያደርግ ሰው የወገብ ባለሙያዎች ለታማሚዎቻቸው ለማስተማር የሚደክሙበትን አጎነባበስ አስቀድሞ ያውቀዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሩኩዕ ጊዜ ራሳቸውን ከፍም ዝቅም እንደማያደርጉ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነግረውናል። ጀርባ የተዘረጋ ነው፤ የሚታጠፈው የጭን መጋጠሚያ ነው። ሱናውን ሳንቆጥር በቀን ለ17 ረከዓ 17 ጊዜ እንዲህ እናጎነብሳለን። መስገጃውን አጥፈን 20 ሊትር ጀሪካን ልናነሳ ስንሄድ ግን ጀርባችንን እንደ ቀስት እናጎብጣለን! ሃያ ኪሎ ውሃ በዚያ በጎበጠ ወገብ ላይ ይንጠለጠላል። ጀሪካኑን ወደ እግራችሁ አስጠጉት፤ ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጉ፤ መቀመጫችሁን ወደ ኋላ ግፉ፤ ጀርባችሁን በሩኩዕ እንዳለው ዘርግታችሁ፣ ሆዳችሁን ጠበቅ አድርጋችሁ ተነሱ። ከተቻለ አንድ ትልቅ ጀሪካን በአንድ እጅ ከመያዝ ሁለት ባለ አሥር ሊትር በሁለት እጅ መያዝ ይሻላል።

ልክ መሆናችሁን ለማወቅ የመወልወያ እንጨት በጀርባችሁ ላይ በቁመት ያዙ። ጎንበስ ስትሉ እንጨቱ የራስ ቅላችሁን፣ በትከሻ መሀል ያለውን ጀርባችሁንና መቀመጫችሁን ሳይለቅ መንካት አለበት። አንዱን ከለቀቀ ወገባችሁ ጎብጧል።

ስለ መጥረጊያም ሳንናገር አናልፍም። በቤታችን ያለው መጥረጊያ አጭር ነው፤ እህቶቻችን ሱብሂ ሰግደው ወዲያው በእሱ ጎንበስ ብለው ቤትና ደጅ ይጠርጋሉ። በአከርካሪ አጥንቶች መሀል ያሉት ዲስኮች ሌሊት ውሃ ይመጣሉ፤ ጠዋት ላይ አንድ ሰው ከማታው ቁመቱ በአንድ ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝመው ለዚህ ነው። ያበጠ ዲስክ በጎበጠ ወገብ ሲጫኑት የበለጠ ይጨነቃል። ስለዚህ የሚያጎብጠውን ሥራ ከእንቅልፍ ከተነሱ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ማዘግየት፣ መጥረጊያውንም ረጅም እንጨት ላይ ማሰር ወጪ የሌለው ሕክምና ነው። ባሎችም እንጨቱን ብትፈልጉ መልካም ነው፤ መጥረጊያውን ብትይዙትማ የተሻለ።

ወደ እንቅስቃሴዎቹ እንሂድ። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ስቱዋርት ማክጊል የወገብን ነገር ለብዙ ዓመታት አጥንተው ሦስት እንቅስቃሴዎችን ይመክራሉ። የሚያስፈልገው አንድ ምንጣፍ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው በጀርባ ተኝቶ የሚሠራ ነው። አንድ ጉልበት ታጥፎ ሌላው እግር ይዘረጋል። ሁለቱ እጆች ከወገብ ሥር ባለው ክፍተት ይገባሉ፤ ወገቡ ወደ ምንጣፉ እንዳይደፈጠጥ ይጠብቁታል። ከዚያ ራስና ትከሻ ብቻ ትንሽ ከፍ ይላሉ። ተነስቶ መቀመጥ የለም፤ ከሲታፕ የሚለየውም በዚህ ነው። ክፍተት ያለባት እናት ይህን ለጊዜው ትተወው። በእሱ ፋንታ ጉልበቷን አጥፋ ተኝታ፣ ትንፋሿን ቀስ ብላ እያስወጣች እምብርቷን ወደ ውስጥ ትሳብ።

ሁለተኛው ለጎን ጡንቻዎች ነው። በጎን ተኝቶ ክርንን ከትከሻ ሥር አድርጎ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ ዳሌን ከመሬት ማንሳት ነው። ከትከሻ እስከ ጉልበት ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ በሌላው ጎን።

ሦስተኛውን እኛ ከሁሉ እንወደዋለን፤ ጀርባንና ሆድን በአንድነት ያሠራልና። እንደሚድህ ሕፃን በእጅና በጉልበት መቆም፤ ቀኝ እጅን ወደ ፊት፣ ግራ እግርን ወደ ኋላ መዘርጋት፤ ከዚያ መለዋወጥ። በወገባችሁ ላይ የሻይ ብርጭቆ ቢቀመጥ የማይደፋ ይሁን።

እያንዳንዱን እስከ አሥር ሰከንድ ይዞ መልቀቅ ነው፤ ትንፋሽ ግን አይያዝ። መጀመሪያ ስድስት ጊዜ፣ አረፍ ብሎ አራት፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ይበቃል። እህታችን በአንድ ሌሊት ከሠራችው መቶ ሲታፕ ይህ በየቀኑ ቢደጋገም ይሻላል። በረመዷን ደግሞ ኢፍጣር ከመድረሱ በፊት ቀለል አድርጎ፣ ወይም ከተራዊህ በኋላ መሥራት ይቻላል፤ በሳምቡሳ በተሞላ ሆድ ላይ ግን አይሆንም።

ሆድ ካነሳን ዘንድ የወገባችሁን ዙሪያ ለኩ። ሜትሩ ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት መሀል ይዙር፤ ትንፋሽ ከወጣ በኋላ ይነበብ። የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከሰሐራ በታች ላለን ሕዝቦች የሚጠቀምበት ወሰን ለሴት 80፣ ለወንድ 94 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ ያለፈ ለስኳርና ለልብ በሽታ ይበልጥ ይጋለጣል። ለምግብ ሲሶ፣ ለመጠጥ ሲሶ፣ ለትንፋሽ ሲሶ የሚለውን የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) ምክር ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የሚረሳው ስኳሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ25 ግራም በታች ቢሆን ይመረጣል ይላል፤ ወደ ስድስት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ሦስት ሦስት ማንኪያ እያደረገ አራት ሻይ የሚጠጣ ሰው እጥፉን ወስዷል።

በየምርቃናው በአንድ ክርን ተደግፎ አምስትና ስድስት ሰዓት የሚጋደም ወንድማችንም «ወገቤን» ሲል እንሰማለን። የጫቱን ነገር ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን፤ ለወገብህ ግን ቢያንስ በየግማሽ ሰዓቱ ተነስተህ ተራመድ።

እንቅስቃሴ የማይፈታው ሕመምም አለ። ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር ካቃተ፣ በጭን መሀል ያለው አካል ከደነዘዘ፣ እግር እየከዳ ከሄደ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። የወገብ ሕመም ከማታ ትኩሳት፣ ከላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ቲቢ ሳል ብቻ አይደለም፤ አጥንትንም ይይዛል፤ በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል። በዚህ ጊዜ ወጌሻ ጋ ሄዶ መታሸት አደገኛ ነው።

ለእህታችን፦ ሲታፑን አቁሚ። አልጋ ላይም አትዋይ፤ በቻልሽው መጠን ቤት ውስጥ ተንቀሳቀሺ። የሆድሽን ክፍተት የጤና ባለሙያ ይይልሽ። ሱጁድ ወርደሽ መነሳት እስክትችዪ ድረስ ቆመሽ የምትችዪውን ቆመሽ፣ የቀረውን በወንበር ተቀምጠሽ ስገጂ፤ ዲናችን በዚህ ገር ነው። ሕመሙ ሲበርድ ሦስተኛውን እንቅስቃሴ፣ እጅሽን ሳትዘረጊ እግርሽን ብቻ በመዘርጋት ጀምሪ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሠርተሽ የደረስሽበትን ጻፊልን። ጎረቤትሽንም «አላረገዝኩም» ብለሽ ሻይ ጋብዣት፤ ስኳሩን ግን አሳንሺው።